የናናው ውስኪ

«ኮሎኔልህ ናናን ከሣር አይለይም! መጠጡን የፈጠሩት አባቴ ናቸው» ብላ ሴትዮዋ በአሜሪካዋ የሉዊቪል ከተማ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ አፋጠጠችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የኮሎኔሉ ስም እኮ የመጠጡ ፈጣሪ ተብሎ በነሐሱ ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል። የፈረስ እሽቅድምድሙ እንግዶች ሳይመጡ ይሰቀላል።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ይቅዳልሃ!»

ሽማግሌው አባቷ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ናናውን ከስኳሩ ጋር በቀስታ ጫን ጫን አደረጉት፤ የተፈጨ በረዶ ሞሉበት፤ ውስኪ አፈሰሱበት። የብር ኩባያው ወዲያው ውርጭ ለበሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንግዳ ሲያቀርቡ ውርጩ እንዳይበላሽ ጠርዙን ብቻ ነበር የሚይዙት። አሁን ግን በሙሉ መዳፋቸው ጨብጠው አነሡትና ባንኮኒው ላይ ካለው ሰሌዳ አጠገብ አኖሩት። አምስቱም ጣቶቻቸው በውርጩ ላይ ታትመው ቀሩ።

ሁለቱ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈትተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በሠራተኞች የጓሮ በር ሳይሆን በእንግዶቹ በር ወጡ።