ጎደሊቭ የምታነበው ቁጥር

ክረምት በገባ ቁጥር ኖርበርት ብስክሌቱን ባለበት ቆሞ እንዲረገጥ ጋራዡ ውስጥ ማሽን ላይ ያስራል። ዘንድሮም አሰረ። የቤልጂየሟ ፍላንደርስ ዝናብ ሳያባራ ሳምንታት አልፈዋል፤ ስድሳውን የዘለለ ሰው ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ወድቆ ዳሌውን ቢሰብር ማን ያዝንለታል?

ማሽኑ የእግርን ጉልበት በዋት ይለካል። የመንደሩ የብስክሌት ክበብ ሕግ አጭር ነው፦ ሃያ ደቂቃ ረግጦ ሁለት መቶ ዋት ያወጣ ሰው በጸደይ ከፊተኞቹ ጋር ይነዳል። ያላወጣ በየመንደሩ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ኬክ ለመብላት ከሚቆሙት ሽማግሌዎች ጋር ከኋላ ይከተላል። ሁሉም ቤቱ ለክቶ ቁጥሩን ይናገራል፤ በእምነት ነው።

ኖርበርት ያለ መነጽር አያይም፤ ሲረግጥ ደግሞ መነጽሩን ላብ ይሸፍነዋል። ማሽኑም አሮጌ ነው፣ እግር ሲቆም ቁጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሚስቱ ጎደሊቭ ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ታነብለታለች።

«ስንት?» አለ እያለከለከ።

ጎደሊቭ ፊቱን አየችው። «ሁለት መቶ ሁለት።»

«በቃ? ይሄው ነው?»

«አለፍክ አይደል እንዴ? ውረድና ሾርባህን ጠጣ።»

አምና ሁለት መቶ አሥር ብላው ነበር፤ ካቻምና ሁለት መቶ ሃያ። ኖርበርት ሾርባውን እያማሰለ ነገሩን አብሰለሰለው። እግሩ እንደ ድሮው ነው፣ ይሄን ከሱ በላይ ማን ያውቃል? «ይሄን ብረት ሽጠውና እንደ ሰው እንረፍ» ስትለው ስንት ክረምቷ ነው! በየዓመቱ እየቀነሰችበት ነው። ለከርሞ ከሁለት መቶ በታች ታወርደዋለች፤ ያኔ ብስክሌቱን በገዛ እጁ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው!

ቅዳሜ የጎደሊቭን ወንድም ኢቮን ጠራው። የክበቡን ቡድኖች የሚደለድለው ኢቮ ነው። በቁጥር ቀልድ አያውቅም፤ የገዛ ልጁን ሳይቀር ወደ ኋላ ልኮታል።

«ኢቮን ለምን ጠራኸው?» አለች ጎደሊቭ።

«እሱ ያንብብልኝ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ተው ኖርበርት፣ በማርያም! አልፈሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈራሁ» አለችና ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች።

ይኸው ተያዘች፣ አለ ኖርበርት በልቡ። ደስ ግን አላለውም።

ኢቮ ዝናቡን እያራገፈ ገባ። «አንተ ሰውዬ፣ እህቴ ማንበብ ጠፋት እንዴ?»

«ቁጭ በልና ዓይንህን ክፈት።»

ኖርበርት ረገጠ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ረግጦ አያውቅም። ነፍሱ እስክትወጣ ደከመው፤ ንዴቱ ግን ገፋው። ሃያው ደቂቃ ሞልቶ የማሽኑ ደወል ሲጮህም፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋ እግሩን አላቆመም።

«በል ጮክ ብለህ ንገረኝ!» አለ። «ኩሽና ድረስ ይሰማ!»

ኢቮ ጎንበስ ብሎ አየ። ቁጥሩ የሚታይበትን የማሽኑን መስታወት በእጅጌው ወልውሎ ደግሞ አየ።

«መቶ ሃምሳ ስድስት» አለ።