ከድልድዩ በታች

አንድ እግሯን ባለ ሁለት ወንበሩ ቀጭን ጀልባችን፣ ካያኩ ውስጥ፣ አንዱን ጭቃው ላይ አድርጋ እህቴ እንደ ሽመላ ቆማለች።

"ከኋላ አንቺ ሁኚ" ትለኛለች። "ሆዴ የተሰፋበት ገና ይወጋኛል። መምራት ደግሞ ወገብ ይፈልጋል።"

አስር ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ የምትመራው እሷ ነበረች። እኔ ከፊት ሆኜ ዝም ብዬ እቀዝፋለሁ። ታላቄ ስለሆነች ማንም ሳይመርጥ እንዲያው የሆነ ነገር ነው። ዛሬ የፊቱን ስትይዝ አልተከራከርኩም። አንድ ዓመት ጠብቄ በወንበር አልጣላም።

እናታችን ወንዙ ዳር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የእህቴን የአራት ወር ሕፃን ታቅፋለች። ሚጣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ጡጦ እምቢ ካለች ወር አልፏታል።

"አንድ ሰዓት" ትላለች እናታችን። "ከነቃች እኔ የምሰጣት የለኝም። የኔን እናንተ ጨርሳችሁታል።"

"ይቺ ናት የጨረሰችው" ትላለች እህቴ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። "ሦስት ዓመት ሙሉ።"

"ከአንቺ የተረፈውን ነዋ" እላለሁና ጭቃውን በመቅዘፊያዬ ገፋ አደርገዋለሁ።

ከስራችን ሲንኮሻኮሽ የነበረው ጠጠር በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ተላቀናል።

የናፈቀኝ ይሄ ነው። ቀጭኑ ፕላስቲክ ከስሬ እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃው እዚሁ ክርኔ ጋ ነው። ከመቅዘፊያው የሚወርደው ጠብታ በክንዴ ተንሸራቶ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ የፍሳሽ ቱቦ ስነድፍ የምውል መሐንዲስ ነኝ፤ ከውሃ ጋር ሌላ ዓይነት ትውውቅ ያስፈልገኛል።

ብቻዬን ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የፊቱ ወንበር ባዶ ሲሆን ካያኩ አፍንጫውን ሰቅሎ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ባለ አንድ ወንበር ልከራይ አስቤም ነበር፣ ተውኩት። ለምን ብትሉኝ እንጃ።

"ቀስ በይ፣ ቸኮሌ" ትላለች እህቴ። "ወንዙ የትም አይሄድብሽም።"

"ሥራው መሄድ አይደል እንዴ?"

ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ከድልድዩ በላይ ውሃው ሰነፍ ነው፤ ሽቅብም ቁልቁልም ያስቀዝፋል። ከድልድዩ በታች ግን ወንዙ ይጠብና ይፈጥናል። እዚያ መቅዘፊያችንን ጭናችን ላይ እናጋድማለን፣ ወንዙ ብቻውን ይወስደናል። እኔ እጮሃለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ሆና "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" እያለች ከእኔ ብሳ ትጮሃለች። ችግሩ፣ እዚያ የወረደ ቀዝፎ መመለስ አይችልም። ታችኛው መውጫ ላይ ወርዶ፣ ካያኩን ተሸክሞ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ ድልድዩ ጋ ልንዞር ተስማምተናል። እኔ ሳልወድ።

የድልድዩ ጥላ ላይ እንደርሳለን። የሚያዞረው የኋላው ሰው ነው። ጥርሴን ነክሼ መቅዘፊያዬን አጠልቃለሁ። ካያኩ አይዞርም። ኃይል ጨምሬ እስባለሁ፣ አሁንም የለም። ቀና ስል እህቴም መቅዘፊያዋን ነክራ እየመራች ነው። እሷ የምትመራው ግን ወደ መካከለኛው ቅስት፣ ውሃው ወደሚጣደፍበት ነው። ሁለት መሪ ያለው ካያክ የማንንም አይሰማም። በጎኑ ይንሸራተትና ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ይለጠፋል።

"የት ልትሄጂ ነው?" እላታለሁ።

"እኔ የትም አልሄድኩም። እጄ ነው።"

"እንግዲያው እጅሽን እንከተለው።"

መዳፏን እርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳርፋ ካያኩን ይዛዋለች። በቅስቱ ውስጥ ታችኛው ወንዝ ይታያል፤ ነጭ ነጭ እያለ፣ ፀሐይ እየሰባበረ፣ ወደ መታጠፊያው ይሮጣል።

"ሚጣ አንድ ቀን ብታለቅስ ምን ትሆናለች?" እላለሁ። ድምፄ የልመና ሆኖ ይሰማኛል። አልወደድኩትም።

"ምንም አትሆንም" ትላለች እህቴ።

እጠብቃለሁ። መጠበቅ አልችልበትም፣ ግን እጠብቃለሁ። መዳፏን ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብላ ታነሳለች። የካያኩ ፊት አንድ ክንድ ያህል ወደ ቅስቱ ይንሸራተታል። ውሃው ከስሬ ሲፈጥን ይሰማኛል። "በይ እንጂ" ልል አፌን ስከፍት፣ መዳፏ ተመልሶ ድንጋዩን ይይዛል። በሌላ እጇ የመንሳፈፊያ ሰደሪያዋን ዚፕ ዝቅ አድርጋ ወደ ደረቷ ታያለች።

"ነቅታለች።"

"በምን አወቅሽ?"

ግማሽ ዞር ትልልኛለች። ሸሚዟ ደረቷ ላይ በሁለት በኩል፣ የወንዙ ውሃ ጭራሽ ባልደረሰበት ቦታ፣ ርሷል።

"አለቃዬ ደውላለች" ትላለች።

ምሰሶውን ገፍቼ አዞራለሁ። እስክጨርስ ድረስ መቅዘፊያዋን ውሃ አታስነካም። ከዞርን በኋላ ግን ሽቅብ እንደዚህ ስትቀዝፍ አላውቃትም፤ ሆዷ የተሰፋበትን ረስታዋለች። እኔ እንኳ የምደርስባት በመከራ ነው። ጀርባዋንም እንዲህ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበረች። ከገመትኩት በላይ ሰፊ ነው፣ ሰደሪያው ስር ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንድ ጊዜም ዞር አትልም።

የታችኛው ውሃ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። አንገቴን ጠምዝዤ አያለሁ፤ ካያኩ ዘመም ይላል። በቅስቱ ውስጥ ትንሽ ብርሃን አሁንም ይሮጣል።

"ወደ ኋላ አትዪ" ትላለች እህቴ ፊቷን ሳታዞር። "አቅጣጫ ያስታል።"

ልታየኝ አትችልም። ይህ ወንበር ግን አስር ዓመት የሷ ነበር። ስንመለስ ካያኩ ያለ ምክንያት ዘመም ባለ ቁጥር፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣ ነፋስ ነው እል ነበር።