አንድ ለአንድ

የአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ምሳ ቀርቧል። ስልኩ ከተርኪ ዶሮው ትሪ አጠገብ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልደወለችው ሎረል መኪናዋን ከግቢው በር ውጭ አቁማ፣ «ልግባ ወይስ ልመለስ?» ብላ መልስ ትጠብቅ ነበር።

«ግቢ እንጂ የኔ ልጅ! ይሄም ይጠየቃል?» አለች እናቷ።

«አትገባም!» አለ ወንድሟ። «በቴሌቪዥን ወጥታ ነፍሰ ገዳይ ያለችህን ልጅ፣ ዛሬ ሥጋ ቆርሰህ ልታጎርሳት ነው፣ አባዬ?»

«እሱ ራሱ ይናገር» አለች ሎረል። «የመጣሁት እሱን ብዬ ነው።»

አባቷ፣ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ቢላውን አስቀመጡ። በሴኔት ውስጥ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን የሚለዩት እሳቸው ነበሩ። የሎረልን ባል በልቶ ያስቀረውን ጦርነት ያጸደቁትም እንዲሁ ነበር፤ ልጃቸው በቴሌቪዥን እያየቻቸው፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። በየዓመቱ በእጃቸው የሚያስቀምጡላት ሳህን ፊት ለፊታቸው ባዶውን ነበር። ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ብለው ቸኮሉ፤ አፋቸውም ያንኑ የለመደውን ዓረፍተ ነገር አወጣ።

«ድምፁ እኩል ስለሆነ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ድጋፉን ሰጥቷል።»

ከስልኩ ውስጥ የመኪና ሞተር ሲነሣ ተሰማ፤ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

«ነይ» አሉ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ግቢ ማለቴ ነው፣ ልጄ።»