ከደጋን የመጡት ገራዥ

«ልጄን አልሰጥም!»

ሳፊያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጓዳው ጥግ ቆማለች...

አማቷ ወይዘሮ ጣይባ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም።

«ዛሬ ስም የሚወጣበት ቀን ነው። በዚህ ቤት ሴት ልጅ ሳትገረዝ ስም አይወጣላትም።»

ዘመኑ የደርግ ነው... ቦታው ኮምቦልቻ።

የሕፃኗ አባት የሱፍ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። እሱ በሌለበት ቤቱን የሚያዙት አጎቱ ዘይኑልአቢዲን ናቸው።

ሳፊያ የፈራችው በከንቱ አይደለም።

ይህችን ልጅ ደሴ ሐኪም ቤት ስትወልድ ከሞት ነው የተመለሰችው። ያዋለደቻት ነርስ፣ «የተገረዝሽበት ጠባሳ አልለጠጥ ብሎ ነው የተቀደድሽው። ልጅሽን እንዳታስነኪ» ብላታለች።

«እማ፣ በአላህ ይሁንብዎት! ነርሷ ያለችኝን ነግሬዎታለሁ...»

«ነገ ባል የምታመጣላት ነርሷ ናት?»

ውጭ ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ዱዓ ለማድረግ የተጠሩት ሸህ ሙሄዲን ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ እንኳ ቁርኣን ላይ ሴት ልጅ ትገረዝ የሚል አላነበብኩም።»

አጎትየው ተቆጡ።

«እርስዎ ባያነቡም እናቴም እህቴም ተገርዘዋል። ቤታችንን መሳቂያ ሊያደርጉት ነው?»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ...

ጎረቤታቸው ወለላ ደግሞ ምላጯን በጨርቅ ጠቅልላ መጥታለች። ክርስቲያን ናት፤ በሰፈሩ ግን የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሴት ልጅ የምትገርዘው እሷ ናት።

«እኛስ መቼ ትተን እናውቃለን? ያልተገረዘች እኮ የነካችውን ዕቃ ሁሉ ትሰብራለች! እትዬ ጣይባ፣ ምን ይጠብቃሉ? ልግባና ልገላግላችሁ።»

«አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ! የእኔን ዘር የምትገርዘው ሉባባ ናት።»

«ከደጋን? እኔ አጥር ለአጥር ተቀምጬ?»

«ከጅማም ብትሆን አስመጣታለሁ!»

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ወለላ ፊቷን አጠቆረች።

አጎትየው ግን ቆረጡ። «እስከ ቀትሩ ዙህር ሶላት ካልደረሰች ወለላ ትገባለች። በቃ።»

ሳፊያ ሁሉንም ትሰማለች... አንዷ ገራዥ ደጅ፣ ሌላዋ መንገድ ላይ።

ዙህር ሊደርስ ሲል ወይዘሮ ሉባባ ከአውቶቡስ ወርደው መጡ። በጓሮ በኩል፣ ለስሙ ድግስ በግ በሚታረድበት አልፈው ገቡ።

«እናቷ ብቻ ትቅር። ሌላው ይውጣልኝ።»

ጣይባ በሩን ከውጭ እየዘጉ፣ ዳሱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ።

«ሉባባ! አደራሽን... ልክ እንደ እኔ ሴት ልጆች አድርገሽ ግረዣት!»

ሳፊያ ልጇን እንዳቀፈች እመደቡ ላይ ተቀመጠች።

ሉባባ ምላጩን አወጡ... አዩት... መልሰው ከተቱት።

ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ደም የነካው ጨርቅ አወጡ።

«የበጉ ደም ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ልጅቷን አስለቅሻት እንጂ!»

«ኧ?»

«ወንዶቹ ለቅሶ እየጠበቁ ነው!»

ሕፃኗ ግን ጡቷን ይዛ ተመችቷታል። ሉባባ ውስጥ እግሯን ኮረኮሯት... ዝም። ጆሮዋን ነካ አደረጓት... ዝም።

«ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ግድ የለሽ ናት!»

ያኔ ገባት። ሳፊያ ጡቱን ከልጇ አፍ ነጠቀች።

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ... ውጭ እልልታው ቀለጠ።

ሳፊያ እንባዋን እየጠረገች፣ «አማቴ ያወቁ ዕለት ግን ያባርሩኛል» አለች።

ሉባባ ገርሟቸው አዩዋት።

«አማትሽ? ገራዥ ጎረቤቷ እያለች እኔን ከደጋን ድረስ ለምን ያስመጣችኝ ይመስልሻል?»

ሉባባ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«የመጀመሪያ ልጇ በእንዲህ ያለ ቀን በሌላ ሴት እጅ ተገርዛ ነበር። ደሙ አልቆም አለ... ዘምዘም ነበር ስሟ። አጥቤ የከፈንኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ምላጬ ሕፃን ነክቶ አያውቅም። የጣይባ ሴቶች ልጆች ሁሉ እንደ ተወለዱ ናቸው። እኔን የሚጠሩኝ የሚያውቁ እናቶች ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ እማ ለምን አልነገሩኝም? እንደዚያ ሳለቅስ እያዩ!»

«ባታለቅሺ ማን ያምን ነበር? አጎትየው ትንሽ ቢጠረጥሩ ወለላን ነው የሚያስገቡት።»

በሩ ተከፈተ። ጣይባ ጨርቁን ተቀብለው ደጃፉ ላይ ቆመው ለዳሱ አሳዩ።

«ይኸው አለቀ! ሸህ ሙሄዲን፣ ዱዓ ያድርጉልን!»

«ስሟ ማን ይሁን?» ሲሉ ጠየቁ ሸሁ።

ጣይባ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ዛሬ ሲጠይቋት የመጀመሪያቸው ነበር...

«ዘምዘም» አለች ሳፊያ።

ጣይባ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ...

ድምፅ አልወጣላቸውም።

..........

ወዳጆቼ፣ ክፉ የመሰለን ሰው አንዳንዴ ከማንም በላይ ሲከላከልልን የኖረ ሊሆን ይችላል።

ግን ሌላም ነገር አለ። በዚያ ቀን ነርሷም ሸሁም እውነቱን ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው የለም። የሴት ልጅ ግርዛት ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ስትወልድም እናትን ለአደጋ ያጋልጣል። የጣይባ ዝምታ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን አተረፈ... የወለላን ምላጭ ግን አላስቆመም። በማግስቱ ሌላ ቤት ገብታለች።

እናንተስ በጣይባ ቦታ ብትሆኑ ዋሽታችሁ ልጅቷን ታድኑ ነበር? ወይስ ዳሱ ፊት ቆማችሁ የመጀመሪያዋን ዘምዘም አሟሟት ትናገሩ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... አንድ በአንድ አነባለሁ።