ለመሐላ የተነሳ እጅ

ሃስኬል ሊምል ቀኝ እጁን ባነሳበት ቅጽበት ዳኛዋ ከቀረበላቸው ወረቀት ላይ ቀና አሉ። "ችሎቱ ተላልፏል። ተከሳሹ በዚሁ ጉዳይ የወንጀል ክስ ስላለበት፣ ያ እስኪያልቅ ይህ የአክሲዮን መዝገብ በአስተዳደር ውሳኔ ለጊዜው ተዘግቷል። ውድቅ አልሆነም፤ ቀጠሮ ግን የለውም።" ብለው ወጡ። የተልሳ ከተማ ፍርድ ቤት ወንበሮች ተንኳኩ። ሽማግሌው በያጅ ሃስኬል ግን ከምስክር መቆሚያው አልወረደም፤ እጁንም አላወረደም።

"አባባ፣ አለቀ እኮ። እጅዎን ያውርዱ" አለው ጠበቃው።

"መች ማልኩና!"

ተከሳሹ ፔቲቦን ኮቱን እየቆለፈ ሳቀ። ነዳጅ ያልወጣበት ጉድጓድ አክሲዮን ለሃስኬልና ለግማሹ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመን የሸጠው እሱ ነበር። "ምነው ሽማግሌው፣ ታክሲ እየጠራህ ነው? ሂድና ተኛ! እስከዚያ በሕይወት ከቆየህ እንገናኛለን።" በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መጣና፣ ኳስ ተጫዋቾች ሲያሸንፉ እንደሚያደርጉት፣ የተዘረጋውን መዳፍ በራሱ መዳፍ ጧ አድርጎ መታው።

ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲጨብጡ የኖሩት ጣቶች ተዘጉበት።

"ኧረ ልቀቀኝ! ምን ነካህ አንተ?" የፔቲቦን ሳቅ ከፊቱ ረገፈ፤ ጉልበቱ ታጠፈ። የችሎቱ ፖሊስ እየሮጠ ደረሰ።

"አባባ፣ ይልቀቁት እንጂ!" አለ ፖሊሱ።

"እለቀዋለሁ" አለ ሃስኬል ረጋ ብሎ፣ ጭብጡን ትንሽ እያጠበቀ። "ዳኛዋ ሲናገሩ አልሰማህም? ቀጠሮ ግን የለውም።"