ከአፈሩ ስር

ፊልጶስ ቡታጅራ በሚገኘው ግቢው የሚቆፍረው የውሃ ጉድጓድ ከተናደበት ግማሽ ሰዓት አልፏል። የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን የረቡዕ ጸሎታቸውን አቋርጠው መጥተው ወንዶቹ በአካፋ ይዝቃሉ፤ ሴቶቹ አፈሩን በነጠላቸው ያወጣሉ።

ሽማግሌው አቶ ታምሩ እጃቸውን አነሱ። “ዝም በሉ! ናዝራዊት፣ አንቺ ጥሪው፤ ያንቺን ድምፅ ያውቃል።”

ሚስቱ ናዝራዊት በተናደው አፈር ላይ ተንበረከከች። ባይመልስስ? የመዘምራኑ መሪ መሰለች አጠገቧ ተንበረከከች። “አብረን እንጥራው፣ እህቴ።”

“ፊልጶስ!” አሉ ሁለቱ። ከዚያ ሁሉም ጠሩት።

ምንም የለም። ደግመው ጠሩ።

“ቀስ በሉ!” አለ የታፈነ ድምፅ ከስር። “የጋረደኝ ጣውላ እየተሰነጠቀ ነው!”

ሁሉም አካፋቸውን ጥለው በእጃቸው ይቆፍሩ ጀመር። ናዝራዊት አፈሩን ስትጭር አንድ እጅ ከስር ጣቶቿን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።