ኢሊሊ የጠራችው ነጻ ስብሰባ

ለመሆኑ ሰው በነጻ ና ሲሉት ለምንድን ነው መጀመሪያ ወደ በሩ የሚያየው? ኢሊሊ ይህን ጥያቄ ዛሬም አልመለሰችውም።

ነገሩን የጀመሩት አቶ ሀብተማርያም ናቸው። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ አንድ ሐሳብ ከያዛቸው ሰው አያስተኙም። የሰሞኑ ሐሳባቸው ከቤቴል እስከ አየር ጤና ያሉትን ትንንሽ ነጋዴዎች በእድሩ አዳራሽ ሰብስቦ ማገናኘት ነበር። ማን ምን ይሸጣል፣ ማን ከማን ይግዛ፣ ይኸው ነው። ክፍያ የለም፣ መዋጮም የለም።

«አንቺ ዙሪና ጥሪልኝ» አሏት ኢሊሊን። «አዳራሹን ከሞላሽልኝ የፊተኛው ጠረጴዛ ያንቺ ነው። ዕቃሽን ደርድሪበት።»

ዕቃዋ አንቀልባ ነው። ከወፍራም ጨርቅ እየሰፋች ጠርዙን በቀይ ትከፍፈዋለች። ቤቷ የተከመረ አንቀልባ አለ፤ እስካሁን አንድም ሱቅ አልሰቀለላትም። ባሏ ለሊሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የስፌት መኪናዋን ዞር ዞር እያለ ማየት ጀምሯል።

«እስከ ስብሰባው እንይ» አላት። «እዚያም ገዢ ካላገኘሽ መኪናዋን የሚወስዳት ሰው አለ።»

ያን ሌሊት ኢሊሊ የተከመሩትን አንቀልባዎች ደጋግማ ቆጠረች።

ከዘነበወርቅ የመጡት በቅርቡ ስለሆነ በሰፈሩ የሚያውቃት የለም። ልጇን አዝላ ከሱቅ ሱቅ መዞር ጀመረች። አቶ ሀብተማርያም ሰዉ ምን ምን እንደሚሠራ ጠይቂ ብለዋታል። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ቆሞ እያያት ስትጽፍ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋባታል። ስለዚህ ስልኳን ወደ ባለሱቁ አፍ ጠጋ አድርጋ ትቀዳለች።

«ምን ይሸጣሉ? ስንት ሰው ያሠራሉ? ገበያ እንዴት ነው?»

ሰዉ ግን ደግ ነው። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ ሴትዮ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ይቀመጡ እንጂ» አሏት። አንቱ መባል ለኢሊሊ አዲስ ነበር። ልጅ ያዘለ እንዲህ ይከበራል ማለት ነው ብላ በሆዷ ደስ አላት። ሕፃኑን ብስኩት አስያዙት። ሒሳብ ልክፈል ብትል እጇን መለሱት።

«ገበያውስ?»

«የምን ገበያ። ዝንብ እሽ ስል ነው የምውለው።»

ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ቀና ሳይሉ በርበሬ በፌስታል ያሽጋሉ።

«እነሱስ?»

«ዘመዶቼ ናቸው። ሊጠይቁኝ መጥተው ዝም ብሎ መቀመጥ ከበዳቸው።»

አየር ጤና ባጫ ጋራዥ ስትደርስ መኪና መቆሚያ አጥቶ ተደራርቧል። ባጫ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና የኢሊሊን ስልክ ሲያይ ቆም አለ።

«ጋራዥ አይደለም፣ እህቴ» አለ። «ጓደኞቼ ናቸው። ጥላ ፈልገው ነው ያቆሙት።»

«ያ ሞተሩ የወረደውስ?»

«እሱን ሙቀቱ ነው ያወረደው።»

ኢሊሊ ስትስቅ ባጫ አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ሌላ ሰው ያየችው። ከራባት ያሰረ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ወደ ጋራዡ ያያል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ዞር አለ። በማግስቱ ቤቴል ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘችው፤ ዳቦ አልገዛም። ከዚያም ልብስ ሰፊው ጋ። በሄደችበት ሁሉ አለ፤ ያያል እንጂ ምንም አይገዛም።

ማታ ለሊሳ ወሬ ይዞ ገባ።

«ገማች ሰፈር ገብቷል አሉ። ተራ ሰው መስሎ ነው አሉ የሚዞረው።»

ኢሊሊ ደነገጠች። ገማች ማለት የነጋዴውን የቀን ገቢ በዓይኑ ለክቶ ግብር የሚያስቆልልበት ሰው ነው። ከራባቱ ወዲያው ትዝ አላት። ይህ ሰው ስብሰባውን ሊበትንባት ነው። ስለዚህ ጠዋት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጋ ሮጣ ሄደችና ጆሯቸው ሥር ተጠጋች።

«እማማ፣ ገማች እዚሁ መሀላችን አለ። ይጠንቀቁ።»

ሴትዮዋ ላብ በላብ ሆኑ።

«ሰምተናል፣ እመቤቴ» አሉ። «ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን።»

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት ነበር። ይቀራሉ ብላ የፈራቻቸው ሁሉ መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አቶ ሀብተማርያምን ደስታው አላስቀምጥ አላቸው። ከዚያ ሁሉም በየተራ ሥራውን እንዲያስተዋውቅ ጠየቁ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሱቁን ልዘጋ ነው አሉ። ባጫ መኪና ጭራሽ አልወድም አለ። ዳቦ ቤቱ ዱቄት አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ልብስ ሰፊው ዓይኔ ጠፍቷል አለ፤ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ግን ማንንም አልረገጠም። ያን ያህል ነጋዴ ተሰብስቦ አንድ የሚሸጥ ሰው ጠፋ።

አንቀልባውን ያነሳም አልነበረም። ሰዉ ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ከራባታሙ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ኢሊሊ የስፌት መኪናዋ በጋሪ ተጭና ስትሄድ ታያት። ይሄ ሁሉ የዚህ ሰው ሥራ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰውየው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሰውየው ግራ ቀኙን አየና ከራባቱን ላላ አደረገ።

«አንቀልባዎቹን ሁሉንም እወስዳለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ሱቄ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፤ ሲያልቁ ደግሞ አዝዛለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዎ ላገኝዎት ስከተልዎት ነበር። እባክዎ፣ እመቤቴ፣ የእኔን የቀን ገቢ ዝቅ አድርገው ይገምቱልኝ።»

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ ምን ብላ ትመልስለት?